በራዲዮ ስለሚነዳ ትንሽ መኪና

በኮልፌ ቀራንዮ ቁልቁለቶች ያደገ ልጅ ብዙውን ጊዜ መኪና መሥራትን የሚጀምረው በኩሽኔታ ነው። ከአሮጌ መኪና የወጡ ጥቂት ኩሽኔታዎችና ሁለት ጣውላ ከተገኙ ጋሪው ተሠራ ማለት ነው፤ ነዳጁም ቁልቁለቱ ነው። ዛሬ ለውድ አንባብያን ልንገልጽ የፈለግነው ግን ቁልቁለት ስለማያስፈልገው፥ ነጂው ከዳር ቆሞ በራዲዮ ስለሚያሽከረክረው ትንሽ መኪና ነው። ወላጆች «ይህ የባለጠጋ ልጅ ጨዋታ ነው» ማለታቸው አይቀርምና ነገሩን እንመርምረው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ኒኮላ ቴስላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. በራዲዮ የምትታዘዝ ጀልባ በኒው ዮርክ ለሕዝብ አሳይቷል። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያም በ1976 የፖርሽ 934 አምሳያ የሆነች ባለ ራዲዮ መኪና ለገበያ አወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ የጣትን እንቅስቃሴ በራዲዮ ሞገድ ይልካል፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ተቀባይ አንዱን ትእዛዝ ለመሪው፥ ሌላውን ለሞተሩ ያካፍላል። ቀድሞ በ27 ሜጋኸርትዝ በሚሠሩት ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ክሪስታል ከያዙ አንዱ የሌላውን መኪና ይነዳበት ነበር። ጠቡን መገመት አያስቸግርም! በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩት ግን የየራሳቸውን መቆጣጠሪያ ብቻ ይሰማሉ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህን ቁጥር አስቀድሞ ይመልከት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ርካሹ መጫወቻ መኪና አንድ ጥርሱ ሲሰበር መለዋወጫ ስለሌለው ይጣላል፤ ስለዚህ ርካሽነቱ የይምሰል ነው። ለውድድር የሚሆነው እየተፈታ ይጠገናል። አካሉን ከኮምፔርሳቶ መቁረጥ፥ ብሎኑንና ቁርጥራጭ ብረቱን ከምናለሽ ተራ መልቀም ይቻላል። ኪስ የሚጎዳው ራዲዮውና ባትሪው ነው። ለዚህም መፍትሔው እንደ እቁብ እያዋጡ ዐሥር ሆኖ አንድ መኪና መግዛት ነው፤ ልዩነቱ ዕጣ የሚወጣለት አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ተራ በተራ 5 ደቂቃ ይነዳል፤ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፥ ሞተሩ በአማካይ 8 አምፔር ቢስብ፥ 15 ደቂቃ ማለትም ለሦስት ልጅ ይበቃል። በሁለት ባትሪ ስድስት ልጆች ዛሬ፥ አራቱ በሚመጣው ሳምንት ይነዳሉ። የሊቲየም ባትሪ ከሆነ በራሱ ቻርጀር፥ ሰው እየጠበቀው፥ ከአልጋና ከመጋረጃ ርቆ ይሞላ። ያበጠ ባትሪ ፈጽሞ አይሞላም፤ እሳት ያስነሣልና።

ሜዳስ? ባዶ ቦታ በሠፈራችን እያነሰ ሄዷል፤ መኪና የሚመላለስበት አስፋልትም ለኩሽኔታም ለዚህም አይሆንም፤ አንድ ልጅ መኪናውን ሊያነሣ ሲሮጥ የሚሆነው ይታወቃል። የኮብልስቶን መንገድም አይመችም። መኪናው የእውነተኛው አንድ ዐሥረኛ ከሆነ፥ በድንጋዮቹ መካከል ያለ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ለእርሱ የ30 ሳንቲ ሜትር ቦይ ነው። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው፤ ሲሚንቶው የተስተካከለ፥ አጥሩም መኪናውን የሚጠብቅ ስለሆነ፥ ርእሰ መምህሩ ቅዳሜ ከሰዓት ቢፈቅዱ ወጪ የለውም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚደረግባቸው እሑዶች ደግሞ የተዘጋው አስፋልት ያገለግላል። በበጋ ጊዜ የተጠቀጠቀ የእግር ኳስ ሜዳ ጥግም ይሆናል፤ በክረምት ግን ጭቃው ሞተሩን ያንቀዋል።

መሥመሩን በኖራ ማስመር፥ መታጠፊያውን በአሮጌ ጎማ ወይም በተቀደደ የውሃ ማጠጫ ቱቦ መከለል ይበቃል። በየመታጠፊያው አንድ ልጅ ይቁም፤ የተገለበጠውን መኪና የሚያነሣው እርሱ ነው፤ ነድቶ የጨረሰውም ወዲያው ሄዶ ይተካዋል።