የማኅበር ስብሰባ በሥርዓት ሲመራ

የገበሬ ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በዋርካ ጥላ ሥር፣ በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ነው። ቀኑም ሞፈርና ቀንበር የማይነሣበት የሚካኤል ወይም የማርያም ዕለት፣ የእስልምና አማኞች በሚበዙበት አካባቢ ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንዲሆን ይመረጣል። ጥሪው ለሦስት ሰዓት ተላልፎ ሕዝቡ ተሟልቶ የሚቀመጠው በአምስት ሰዓት ይሆናል። ሊቀመንበሩ የመክፈቻ ንግግሩን ጨርሶ ወደ ዋናው ጉዳይ ሲገባ ከብት ውኃ የሚያጠጣው፣ ልጅ ቤት ትቶ የመጣው አንድ በአንድ መነሣት ይጀምራል። ስለ ማዳበሪያ ብድር፣ ስለ ወፍጮ ቤት ገንዘብ፣ ስለ ግጦሽ መሬት፣ ስለ መስኖ ውኃ ተራ የሚወሰነው እንግዲህ በቀረችው ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው። «ተስማምተናል?» ይባላል። ከፊት ከተቀመጡት ጥቂቶች «ተስማምተናል!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጉባኤውም ይበተናል። በማግሥቱ ግን በየለቅሶ ቤቱና በየገበያው መንገድ «ማን ተስማማ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ችግር ላይ የሚወድቀው በመጀመሪያ ደረጃ ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። ገንዘቡን በትክክል አውጥቶ ሞተሩን አሠርቶ ቢሆን እንኳ፣ ማን እንደ ደገፈ፣ ማን እንደ ተቃወመ፣ ስንት ሰው እንደ ተገኘ የሚያስረዳ ነገር በእጁ ከሌለ «ገንዘብ በላ» ከመባል የሚያድነው የለም። ብዙ ታታሪ የማኅበር መሪዎች ስማቸው የጎደፈው ስለ ሰረቁ ሳይሆን የሠሩትን ሥራ በጉባኤ ውሳኔ ማስደገፍ ባለመቻላቸው እንደ ሆነ በገጠር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ስብሰባን በሥርዓት የመምራት ዘዴ ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት መልኩ የመጣው ከእንግሊዝ ፓርላማ ልማድ ሲሆን፣ ለተራው ማኅበር በሚመች መንገድ አዘጋጅቶ ካሳተሙት ሰዎች መካከል ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲስ በዋነኛነት ይጠቀሳል። ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1863 በማሳቹሴትስ ግዛት በኒው ቤድፎርድ ከተማ ሳለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ በድንገት ተጠየቀ። ስብሰባ የመምራት ዕውቀት አልነበረውምና ጉባኤው ከእጁ ወጥቶ ታወከ። በዚህ ያፈረው መሐንዲስ ሥርዓቱን ሳያጠና ዳግመኛ ስብሰባ ላይ ላለመገኘት ለራሱ ቃል ገባ። እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይታተማል። ድልድይና ወደብ የሚሠራ ሰው ይህን መጽሐፍ መጻፉ አያስገርምም፤ ሸክም ሁሉ በልክ ካልተከፋፈለ መዋቅሩ እንደሚናድ ያውቃል።

በእኛም አገር ቢሆን ሥርዓት ያለው ጉባኤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የቦረና ኦሮሞ በየስምንት ዓመቱ በሚያካሂደው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕግጋቱን ይመረምራል፤ ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፣ ውሳኔውም በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ስምምነት እስኪገኝ በመነጋገር ይደረሳል። የእድር ዳኛም ተራ ሲጠብቅ፣ ያለ ፈቃድ የተናገረውን ሲቀጣ የኖረ ነው። ስለዚህ የማኅበር መሪ የሚማረው አዲስ ጠባይ ሳይሆን፣ በእድር የሚያውቀውን ሥርዓት ብዙ ሕዝብና ብዙ ገንዘብ ወዳለበት ጉባኤ የሚያሸጋግርበትን መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ያለፈውን ማስታወስ ይጠቅማል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። መሬት የማከፋፈል፣ የመዳኘት ሥልጣን በገበሬው እጅ ገባ፤ ከየጭሰኛው ቤት የወጣ ሰው ሰብሳቢ ሆነ። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ ጉባኤው ከላይ የወረደውን እጅ አውጥቶ የሚያጸድቅበት ስፍራ እየሆነ ሄደ። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚገባው የእህል ኮታ በማኅበሩ በኩል ለየቤተሰቡ ሲደለደል፣ ቅሬታው ከኮታው ብዛት ባልተናነሰ በአደላደሉ ላይ ነበር። የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራትም በዚሁ መንገድ «በሙሉ ድምፅ» ተመሥርተው፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅና አባላት መውጣት እንደሚችሉ ሲነገር አብዛኞቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በሬውም፣ መሣሪያውም፣ መሬቱም ተከፋፈለ። ያ ሁሉ እጅ ሲወጣ በልብ ያልተወሰነ ነገር እንደ ነበረ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሥራው ሥርዓት ስንመለስ አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃል። 400 አባላት ያሉት አንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል። የወፍጮው ሞተር ተበላሽቷል። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ከአባላት ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ምልዓተ ጉባኤ አይኖርም ይላል፤ ስለዚህ 201 ሰው ሳይቆጠር ሊቀመንበሩ ጉባኤውን መክፈት የለበትም። በዕለቱ 230 ተገኝተዋል። አጀንዳው አስቀድሞ በየጎጡ የተነገረ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር በብዙ ስፍራ ይዘነጋል፤ ስለ ከብት ክትባት ተጠርቶ የመጣን ሰው በ«ልዩ ልዩ» ስም ስለ ገንዘብ ማስወሰን ግን የማጭበርበር ያህል ነው።

አንድ አባል ተነሥቶ ስለ ሞተሩ ያማርራል። ሌላው ይከተላል። ሦስተኛው ስለ ባለፈው ዓመት የማዳበሪያ ዕዳ ያነሣል። ጎበዝ ሰብሳቢ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የማዳበሪያው ጉዳይ ራሱን ችሎ በተራው እንደሚታይ ተናግሮ ያስመዘግበዋል። ሁለተኛ፣ «ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትሉት? የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ አባል «ሞተሩ እንዲጠገን፣ ለዚህም እስከ 60 ሺህ ብር ከማኅበሩ ተቀማጭ ወጪ እንዲሆን» ይላል። ሌላ አባል «እደግፋለሁ» ይላል። ደጋፊ ያልተገኘለት ሐሳብ የጉባኤውን ጊዜ እንዳይወስድ በዚያው ይቀራል። ደጋፊ ያገኘውን ፀሐፊው ቃል በቃል ጽፎ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ከዚህ በኋላ ክርክሩ ስለዚህ ሐሳብ ብቻ ነው።

በክርክሩ ጊዜ ተናጋሪው ፊቱን ወደ ሰብሳቢው አድርጎ ይናገራል እንጂ ከባላጋራው ጋር ቃል አይመላለስም። በሮበርት ሥርዓት አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ በአንድ ቀን ከሁለት ጊዜ በላይ አይናገርም፤ ያልተናገረ ሰው ዕድል እየጠየቀ ሳለም የተናገረው ሁለተኛ ተራ አያገኝም። ይህች ደንብ ብቻ በትክክል ብትሠራ የስብሰባው መልክ ይለወጣል። ከኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው እማወራ የእርሻዋን ማዳበሪያ እንደ ማንም አባል በራሷ ስም የተበደረች ናት፤ ወፍጮው ሲቆም እህል ተሸክማ ሁለት ሰዓት የምትሄደውም እሷ ነች። ሰብሳቢው «እትዬ፣ እርስዎስ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ አራት ጊዜ የተነሡት ሦስት ወንዶች ስለ እሷም ጭምር ወስነው ይሄዳሉ።

አንድ ሌላ አባል «60 ሺህ የሚለው 45 ሺህ ተብሎ ይሻሻል፣ ሦስት ጋራዦችም ዋጋ እንዲያቀርቡ ይደረግ» ይላል፤ ደጋፊም ያገኛል። ይህ ማሻሻያ ነው። ድምፅ የሚሰጠው አስቀድሞ በማሻሻያው ላይ ሲሆን፣ ብዙ ሰብሳቢዎች የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። ሁለቱን ሐሳቦች ለውድድር አቅርበው «60 የምትሉ? 45 የምትሉ?» ሲሉ፣ ሞተሩ ጨርሶ አይጠገን የሚለው ሰው ድምፁን የሚያሰማበት ቦታ ያጣል። በምሳሌአችን ማሻሻያውን 118 ደገፉ፣ 84 ተቃወሙ፣ 28 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ማሻሻያው አለፈ። ቀጥሎ የተሻሻለው ሐሳብ በሙሉ እንደገና ተነብቦ ድምፅ ተሰጠበት፤ 171 ደገፉ፣ 40 ተቃወሙ፣ 19 ተአቅቦ። አሁን ውሳኔ አለ።

ስለ ተአቅቦ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከ230 ተሰብሳቢዎች 90 ደግፈው፣ 80 ተቃውመው፣ 60 ተአቅቦ ቢያደርጉ ሐሳቡ አልፏል ወይስ ወድቋል? የተቆጠረው ድምፅ የሰጡት ብቻ ከሆኑ አልፏል። ከተገኙት ከግማሽ በላይ የሚል ደንብ ካለ ደግሞ 116 ድምፅ ስለሚያስፈልግ ወድቋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንቀጽ 58 ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤ እንደሚሆን፣ በአንቀጽ 59 ደግሞ በሌላ አኳኋን ካልተደነገገ በቀር ውሳኔ ተገኝተው ድምፅ በሰጡ አባላት አብላጫ እንደሚተላለፍ ይናገራል። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የትኛውን እንደሚከተል መሪው ከስብሰባው በፊት ማንበብ ይገባዋል። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲከፈልም እንዲሁ፤ አንዳንድ ደንብ ለሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ ይሰጣል፣ እንዲህ ያለ ደንብ ከሌለ ግን ሐሳቡ አብላጫ ስላላገኘ ይወድቃል። ከቆጠራ በኋላ ደንብ መፈለግ ጠብ መፈለግ ነው።

ክርክሩ ሲረዝም «ይበቃል፣ ወደ ድምፅ እንሂድ» የሚል መነሣቱ አይቀርም። ይህ ጥያቄ የሌላውን አፍ የሚዘጋ ስለሆነ በሮበርት ሥርዓት ድምፅ ከሚሰጡት ሁለት ሦስተኛው ካልደገፈው አይጸድቅም። 230ዎቹ ሁሉ ድምፅ ቢሰጡ 154 ያስፈልጋል ማለት ነው። በእኛ አካባቢ ሁለት ሰው «ይበቃል» ስላለ ብቻ ክርክር የሚዘጋ ሰብሳቢ ያጋጥማል። የተገላቢጦሹም አለ፤ የማይወደው ሐሳብ ሲነገር «ሥነ ሥርዓት!» እያለ የሚጮኽ። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ የሚነሣው ሥርዓት ሲጣስ ነው፤ ማለትም ያለ ተራ ሲነገር፣ ከአጀንዳ ሲወጣ፣ ምልዓተ ጉባኤው ሲጎድል። ሰብሳቢው «የተጣሰው የትኛው ደንብ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ይበርዳል።

ሊቀመንበሩ ራሱ በጉዳዩ ላይ አጥብቆ መከራከር ቢያምረውስ? መብቱ ነው፤ ግን ወንበሩን ለምክትሉ ለቅቆ፣ ተራ ይዞ፣ እንደ ማንኛውም አባል ይናገር። ይህ ለብዙዎች የሚከብድ ነው። ማዳበሪያ የሚያከፋፍለውም፣ ብድር የሚያስፈርመውም፣ ተራ የሚሰጠውም አንድ ሰው ሲሆን፣ ያ ሰው አስቀድሞ ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ ተቃውሞ የሚያወጣ እጅ ጥቂት ነው። በተለይ ለመሪዎች ምርጫና መሪን ለማውረድ የእጅ ማውጣት ዘዴ መልካም አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ አባል ባለበት እንኳ የባቄላና የአተር ፍሬ አድሎ፣ ባቄላው ድጋፍ፣ አተሩ ተቃውሞ መሆኑን አስረድቶ፣ በመጋረጃ በተሸፈነ ማድጋ ውስጥ ማስጣል ይቻላል። ቆጠራው በሕዝብ ፊት ይሁን።

ይህን ሁሉ ሥርዓት አምስትና ሰባት ሰዎች ባሉበት የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ መጫን ግን አያስፈልግም። የሮበርት መጽሐፍም ለትንንሽ ቦርዶች ደንቡን ያላላል፤ ደጋፊ አይጠየቅም፣ ሰብሳቢውም ይከራከራል። ጥብቅነቱ የሚያስፈልገው ሕዝቡ ሲበዛና ገንዘብ ሲነካ ነው።

አንድ ጊዜ የተወሰነ ነገር እንደገና ይታይ የሚል ሲነሣም ልክ አለው። በሮበርት ሥርዓት በዚያው ስብሰባ ላይ እንዲህ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። የተሸነፈው በየሰዓቱ ያንኑ ጉዳይ እያነሣ ሰው እስኪበተን ጠብቆ ውሳኔ እንዳያስለውጥ ታስቦ ነው። ይህን አድፍጦ መጠበቅ በገጠር ስብሰባ ያላየ የለም፤ ጠዋት በ230 ሰው የተወሰነው ማታ በ40 ሰው ይገለበጣል። በዚያን ሰዓት ማንም አባል ተነሥቶ «ምልዓተ ጉባኤው ይቆጠር» ማለት ይችላል። ቁጥሩ ከ201 ካነሰ ሰብሳቢው ጉዳዩን በይደር ይዞ ስብሰባውን መዝጋት ግዴታው ነው።

የቀረው የፀሐፊው ሥራ ነው። ቃለ ጉባኤው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተገኘውን ሰው ቁጥር፣ የውሳኔውን ሐሳብ እንደ ተነበበው፣ ያቀረበውንና የደገፈውን ሰው ስም፣ የድምፁን ቁጥር መያዝ አለበት። ባንክ ከማኅበሩ ሒሳብ ገንዘብ ሲያወጣ የሚጠይቀው ይኸንኑ ወረቀት ነው። ማታ ቤት ተወስዶ በኩራዝ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ ቁጥሩ እንደሚለዋወጥ የታወቀ ነው። ስለዚህ በምሳሌአችን ማኅበር ፀሐፊው የጻፈውን በዚያው በዋርካው ሥር ቆሞ ያነባል፤ «45 ሺህ» በሚለው ስፍራ «60» ብሎ ቢያነብ ከኋላ የተቀመጠችው እማወራ ሰምታ ታርመዋለች። ሊቀመንበሩና ፀሐፊው ይፈርማሉ፣ ማኅተሙ ይመታል፣ ጋራዦቹ ዋጋ የሚያቀርቡበት ቀንና የሚቀጥለው ስብሰባ ዕለት ተነግሮ ጉባኤው ይዘጋል።