ቪዥላ ወይስ ቫይማራነር? የአደን ውሻ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት

አንዱ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ነው፤ ሌላው አመድማ። ሁለቱም አጭርና አንጸባራቂ ፀጉር፣ ረጃጅም እግሮችና የሚንጠለጠሉ ጆሮዎች አሏቸው። የሃንጋሪው ቪዥላና የጀርመኑ ቫይማራነር በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መናፈሻዎች የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ከሚስቡ የውሻ ዝርያዎች መካከል ናቸው። ልጆቻቸው «ውሻ ይገዛልን» እያሉ የሚወተውቷቸው ወላጆችም ምርጫውን ብዙ ጊዜ በመልክ ይጀምሩታል። ነገር ግን ሁለቱም ዝርያዎች የተቀረጹት ለሳሎን ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ሜዳና ጫካ ለማሰስ ነው። ውሻን ከግቢ ጠባቂነት ውጪ ለማያውቅ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የተኩላ አደን እንደ ሰንሰለት የተያያዙ እርምጃዎች አሉት፤ ማነፍነፍ፣ ዓይን መትከል፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መንከስ፣ መግደል። ሰው ውሻን እየመረጠ ሲያዳቅል ከእነዚህ ቀለበቶች አንዳንዶቹን አጠንክሯል፤ ሌሎቹን አላልቷል። ቪዥላና ቫይማራነር «ጠቋሚ» ከሚባሉት ወገን ናቸው። ሣር ውስጥ የተሸሸገች ቆቅ ሲሸታቸው አይዘሉባትም፤ ባሉበት ደርቀው ይቆማሉ፤ ብዙ ጊዜም አንድ የፊት እግራቸውን አንሥተው አፍንጫቸውን ወደ ሽታው ያቀናሉ። አዳኙ ከተኮሰ በኋላ የወደቀውን ወፍ ሳያደቁ በአፋቸው ይዘው ይመጣሉ። ይህ በሥልጠና ይዳብራል እንጂ በሥልጠና አይፈጠርም። የሁለት ወር ቡችላ እንኳ ማንም ሳያስተምረው በክር ጫፍ የተንጠለጠለ ላባ ፊት ደርቆ ሊቆም ይችላል። አፓርትመንት ውስጥ የሚገባው እንግዲህ ይህ አፍንጫና ይህ እግር ነው፤ ሥራ ሲያጣ ሶፋውን፣ ጫማውንና የበሩን መቃን ሥራ ያደርጋቸዋል።

ከዚህ የጋራ ባሕርይ በኋላ ሁለቱ ይለያያሉ። ቪዥላ ከአዳኙ ብዙም ሳይርቅ፣ ዞር እያለ ጌታውን እያየ የሚሠራ ውሻ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ማግስት ከመጥፋት አፋፍ ደርሶ የተረፈ ዝርያ ሲሆን፣ ክብደቱ ከ20 እስከ 27 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቤት ውስጥም ከሰው እግር አይለይም፤ ወጥ ቤት ሲገቡ ይከተላል፣ ሲቀመጡ ይደገፋል። ጩኸትና ቁጣ ቶሎ ይሰብረዋል።

ቫይማራነር ከ25 እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ጠንከር ያለ ውሻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቫይማር ከተማ አካባቢ ከነበሩት መኳንንት ጋር ስሙ የተያያዘ ሲሆን፣ የጀርመን ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1897 ተመሥርቷል። ወደ ወፍ አደን ከመዞሩ በፊት በአጋዘንና በዱር አሳማ አደን የተሰማራ በመሆኑ ድፍረትና ጠባቂነት አለው፤ ድመት ወይም ጥንቸል ባለበት ቤት ደግሞ ይኸው ድፍረት ጣጣ ያመጣል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሃይዲ የምትባል ቫይማራነር በዋይት ሃውስ ነበረቻቸው። አመድማው መልኩ፣ ብዙዎችን ቢማርክም፣ ራሱን የቻለ ቀለም አይደለም፤ ቡናማው ቀለም በዘረ መል ለውጥ ሳስቶ የሚታይ ነው።

ዝርያ ግን ሁሉን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ፣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚገለጸው 9 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ለሰው ትእዛዝ በሚሰጡት ምላሽ ረገድ የዝርያ ድርሻ ከፍ ብሎ ታይቷል። ስለዚህ «ቪዥላ ገር ነው» ብሎ ያልታየ ቡችላ ከመግዛት፣ ቢቻል እናቱን ቀርቦ ማየት ይሻላል።

ዋናው ፈተና ጊዜ ነው። የብሪታንያው ኬኔል ክለብ ለሁለቱም ዝርያዎች በየቀኑ ከ2 ሰዓት በላይ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። ይህ በገመድ ታስሮ በሰው እርምጃ መንገድ መዞር ብቻ አይደለም፤ መሮጥና በአፍንጫ መፈለግ ይገባበታል። ምግቡን ሣር ውስጥ ደብቆ እንዲፈልግ ማድረግ ከአንድ ዙር የእግር ጉዞ ይልቅ ሊያደክመው ይችላል። አባት በሌሊት ፈረቃ፣ እናት በ12 ሰዓት ፈረቃ በሚሠሩበት ቤት ይህን ማን ያደርገዋል? ስዊድን ውስጥ ውሾች ቢያንስ በየ6 ሰዓቱ ወደ ውጭ እንዲወጡ ደንቡ ያዛል። ብቻውን የቀረ ውሻ ሲያላዝንና በር ሲቧጭር ጎረቤት «በቀል ነው» ሊል ይችላል፤ በአብዛኛው ግን ፍርሃት ነው። ቤቱ በየቀኑ ለ9 ሰዓት ባዶ የሚሆን ከሆነ ከሁለቱ አንዱም አይመከርም።

በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በጅዳ ለሚኖሩ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። የሚሠራ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ ስለማያልበው ይህን ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ፣ ማለትም ከምላሱና ከመተንፈሻው እርጥበት በማትነን ነው። አየሩ ራሱ እርጥበት የተሞላ ሲሆን ትነቱ ይቀንሳል፤ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የበጋ ንጋት እንኳ የማያስተማምነው በዚህ ምክንያት ነው። የአደን ውሻ ደግሞ ሩጫው ከጣመው ሙቀቱ እስኪጥለው ድረስ ላያቆም ይችላል። በተቃራኒው፣ በኦስሎ ወይም በቶሮንቶ ክረምት ስስ ፀጉራቸው ስለማይበቃ ልብስ ያስፈልጋቸዋል።

ከበሽታዎች አንዱ ለይቶ መታወቅ አለበት። እንደ ቫይማራነር ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው በጋዝ ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ሊያስመልስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው፣ መቆም መቀመጥ ካቃተው እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም፤ ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ቀለቡን በአንድ ጊዜ ከመስጠት በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከፍሎ መስጠት ይመከራል። በቪዥላ በኩል የሚጥል በሽታ በአንዳንድ የዘር ሐረጎች ይታያል።

በቀኑ አብዛኛው ክፍል ሰው ለማይታጣበት፣ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ቪዥላ ይቀላል። አጥር ያለው ግቢ፣ የውሻ አያያዝ ልምድና ጽኑ እጅ ላለው፣ ድመት ለሌለው ቤት ቫይማራነር ያስኬዳል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሁለቱንም ወላጆች የዳሌ ራጅ ውጤት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሻጩ ካመነታ ሌላ ሻጭ ይፈለግ። በእንስሳት መጠለያ የሚገኝ፣ ዕድሜው የገፋና ጠባዩ የታወቀ ውሻም ሊታሰብበት የሚገባ አማራጭ ነው።