የባሕር መንገደኛ ቃል ከየት ይጀመር?

ከወልቂጤም ከቡታጅራም ባሕር ሩቅ ነው። ከሁለቱ ከተሞች ተነሥቶ ቀይ ባሕር ዳር ለመድረስ አገር አቋርጦ ድንበር መሻገር ያስፈልጋል። ሆኖም ከስደት ተመላሾች ቃል የምንቀበል ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ባሕር ነው፤ ስለ ኦቦክ ዳርቻ፣ ስለ ቦሳሶ፣ በጨለማ ስለሚነሣ ጀልባ፣ ስለ ባብ ኤል መንደብ ማዕበል። ቅጾቻችንም የተቀረጹት በዚሁ ልክ ነው። የተሳፈሩበት ቀን፣ አብረው የነበሩ ሰዎች ቁጥር፣ ለደላላ የተከፈለ ገንዘብ፣ የወረዱበት ቦታ፣ የያዛቸው ወገን እያለ ይወርዳል። ከቤት እስከ ባሕር ያለው መንገድ የሚያገኘው አንዲት ጠባብ መስመር ነው፤ እሷም ብዙ ጊዜ «ሥራ ፍለጋ» በሚል ቃል ትሞላለች። እኔ የምለው ቅጹ የሚጀምርበት ቦታ ተሳስቷል ነው። የባሕር መንገደኛ ቃል የሚገባን ከቤቱ ደጃፍ ሲጀምር ነው። ለዚህ ትልቁን ማስረጃ የሰጡን ደግሞ ከ130 ዓመት በፊት ባሕር የተሻገሩ የዚህችው አገር ልጆች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ሳምቡክ የሚባሉ የሸራ ጀልባዎችን ያዘች። በሳምቡኮቹ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ተወላጆች፣ ብዙዎቹም ገና ልጆች። ወደ ኤደን ተወስደው ከፊሎቹን በአቅራቢያዋ ሼክ ዑስማን ላይ የነበረ የስኮትላንድ ሚሲዮን ተቀበላቸው። አየሩ አልስማማ ብሏቸው በሽታ ስለበዛ 64ቱ እንደገና ተሳፍረው በነሐሴ 1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያም እያንዳንዳቸው በአስተርጓሚ ተጠየቁ። ጠያቂዎቹ የጀመሩት ከሳምቡኩ አልነበረም። የአባትህ ስም ማን ነው፣ የእናትሽስ፣ ወንድም እህት አለ ወይ፣ ምን መሬት ነበራችሁ፣ ስንት ከብት፣ ማን ወሰደህ፣ ከዚያ ለማን ተሸጥህ እያሉ ነው የጠየቁት። ከ64ቱ ቃል የምንማረው በዚህ ቅደም ተከተል የተነሣ ነው። ልጆቹ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ እንደተላለፉ፣ የአንዳንዶቹ መንገድ ዓመታት እንደፈጀ፣ ከወሰዷቸው መካከልም የሚያውቋቸው ሰዎች እንደነበሩ እናነባለን። ቃላቸው ባሕሩ ዳር ሲደርስ ያጥራል። በሳምቡክ ተጫንን፣ እንግሊዞች ያዙን ብለው ያልፋሉ። ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባለች ደቡብ አፍሪካዊት ተመራማሪ በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ እነዚህን ቃሎች እርስ በርስ እያነጻጸረች፣ መንገዶቻቸውን በካርታ እያወጣች መተንተን የቻለችው ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥያቄ ከቤታቸው ስለጀመሩ ነው።

ታሪኩ ለእኛም አካባቢ ባዕድ አይደለም። በ1880ዎቹ ዛሬ ወልቂጤ ባለችበት አካባቢ የቀቤናው መሪ ሐሰን እንጃሞ ከምኒልክ ጦር ጋር ይዋጉ ነበር። ጦርነት ባለበት ምርኮ አለ፤ ምርኮ ባለበትም ያኔ ገበያው ሩቅ አልነበረም። የጉራጌ ልጆች በዚያ ዘመን ተሸጠው ወደ ባሕሩ ወርደዋል። ክፉ ቀን የተባለው ረሃብም በ1888 ነው የጀመረው። እነዚህን ምክንያቶች ማንም ሳምቡክ ላይ ቆሞ ሊያያቸው አይችልም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሌሎች የባሕር ጉዞ ማስታወሻዎችን ሊያነሣብኝ ይችላል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈዋል። ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በወጣትነታቸው ሩሲያ ድረስ የሄዱበትን መንገድ በሕይወት ታሪካቸው ትተውልናል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ የሄዱ ስደተኞችም በመርከብ ላይ የዕለት ማስታወሻ ይይዙ ነበር፤ ሦስትና አራት ወር በሚፈጅ ጉዞ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የምግቡን ዓይነት፣ በመርከቡ የተወለደውንና የሞተውን ይመዘግባሉ። እነዚህ ከባሕሩ ቢጀምሩ ምን ጎደላቸው? ምንም። ምክንያቱ ግን ልብ ሊባል ይገባል። የአውስትራሊያው ስደተኛ ማስታወሻውን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ አገር ቤት ለቀሩት ዘመዶቹ ነው። አንባቢው ቤቱን፣ ዕዳውን፣ የተወውን እርሻ ያውቃል። የማያውቀው ባሕሩን ብቻ ስለሆነ የሚነገረውም ባሕሩ ነው። የእኛ ተመላሽ ቃሉን የሚሰጠው ተቃራኒው ላይ ላለ ሰው ነው። ቅጹን የሚያነብ የቢሮ ሠራተኛ ባሕሩን ከዜና ሰምቶታል፤ የሰውየውን ደጃፍ ግን አያውቀውም። ስለዚህ መነገር ያለበት የማይታወቀው ነው። ኦላውዳ ኢኩዋኖም በ1789 ለለንደን አንባቢ የባርነት ታሪኩን ሲያሳትም መርከቡን ከመንገሩ በፊት የመንደሩን እርሻ፣ ገበያና ዳኝነት ነው ያስቀደመው። ለማያውቀው ሰው ነበርና የሚጽፈው።

ይህ በወልቂጤና በቡታጅራ ሲተረጎም ምን ይመስላል? ጉራጌ ከቤት መውጣትን ያወቀው ትናንት አይደለም። ከ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ጀምሮ አዲስ አበባ ወጥቶ በጉልበት፣ በሊስትሮ፣ በሱቅ ሠርቶ ለመስቀል ወደ እናት አባቱ መመለስ ትውልድ የኖረበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት መሄድ ጥፋት አይደለም፤ ለመስቀል ባዶ እጅ መግባት ግን ይከብዳል። ለዚህ ነው «ለምን ሄድክ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ክስ የሚሰማው፣ መልሱም «ሥራ ፍለጋ» ሆኖ የሚቀረው። በዚያ ፈንታ ያለፈው መስቀል ቤት ውስጥ እነማን ነበሩ፣ ሰንጋው በማን ገንዘብ ተገዛ፣ ከወንድሞችህ ማን ከሩቅ ላከ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳይከስ ብዙ ያገኛል። የተሸጠውን መሬት ያገኛል፤ ለጉዞ የዋለውን እቁብ፣ ሳዑዲ ያለችውን እህት፣ ደላላው የማን ዘመድ እንደሆነ ያገኛል። ደላላው አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ የላቭዴል ልጆች ቃልም ያኔ ይህንኑ ነግሮናል። ባሕሩ ላይ የምናገኘው ግን ስም የሌለው ጀልባ ነጂን ነው።

በቡታጅራ ከ1986 ጀምሮ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌን በየቤቱ እየተከታተለ ልደትን፣ ሞትን፣ ገቢና ወጪ ሰውን ሲመዘግብ የኖረ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ሥራ አለ። ለዚህ ሥራ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ከአገሪቱ ነባር የሕዝብ መረጃዎች አንዱ ነው። እዚያ ላይ ከቤት የወጣ ሰው አንድ ምልክት ነው። በየመን በኩል የሚመጣው ዜናም እንደዚሁ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በሰኔ 2024 ከቦሳሶ ተነሥቶ የመን ሻብዋ አካባቢ የሰጠመው ጀልባ 260 ያህል ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን አሳፍሮ ነበር፤ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞተዋል። ከደጃፉ ምልክት እስከ ሰጠመው ጀልባ ያለውን መካከል የሚሞላው የሰው ቃል ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎችን በቁም ነገር እወስዳቸዋለሁ። አንደኛው፣ የላቭዴል ልጆች በግድ የተነዱ ናቸው፣ የዛሬው ወጣት ወዶ የሄደ ነው፣ ማነጻጸሩ ልክ አይደለም የሚል ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ሊደበዝዝም አይገባውም። የማነጻጽረው ግን ሰዎቹን ሳይሆን የአጠያየቁን ዘዴ ነው። ደግሞም ወዶ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ታግቶ፣ ቤተሰቡ በስልክ ጩኸቱን እየሰማ ገንዘብ ሲላክለት ውዴታው የት ላይ እንዳበቃ ማወቅ የምንችለው መነሻውን ካወቅን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የትዝታ ጉዳይ ነው። ሰው ይረሳል፣ ይጨምራል፣ ለሚሰማው ሰው የሚስማማውን ይናገራል። የላቭዴል ጠያቂዎች ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ የልጆቹ ቃል በአስተርጓሚ አልፎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ኢኩዋኖንም ቢሆን ቪንሰንት ካሬታ የተባለ ምሁር በ1759 የተጻፈ የጥምቀት መዝገብ አግኝቶ መዝገቡ የትውልድ ቦታውን ካሮላይና እንደሚል አሳይቷል፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው የራሴን ሐሳብ የሚያጠናክር ነው። የባሕሩን ሌሊት ማጣራት የሚችል የለም። ቤቱ፣ መሬቱ፣ የተሸጠው ላም ግን ጎረቤትና የቀበሌ መዝገብ ስላለው ሊጣራ ይችላል። ከሚጣራው የጀመረ ቃል የማይጣራውንም ለመመዘን መለኪያ ይሰጠናል። የቋንቋውን ነገር ግን አቃልዬ አላልፈውም። ወልቂጤ ላይ ተመላሹ በቸሃኛ ወይም በቀቤንኛ፣ ቡታጅራ ላይ በመስቃንኛ፣ በማረቆኛ ወይም በስልጥኛ የሚያስበውን በአማርኛ እናስነግረዋለን። ቢያንስ ስለ ቤቱ ሲናገር የተጠቀመበት ቃል እንዳለ በራሱ ቋንቋ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ማስነገር ያቆስላል የሚለው ነው። ያቆስላል። አንድን ሰው ገና በተመለሰበት ሳምንት አስቀምጦ የሰጠሙትን ጓደኞቹን እንዲቆጥር ማድረግ ከጉዳት አይተናነስም። ይህ ግን ይበልጥ የሚነካው ከባሕሩ የሚጀምረውን ቅጽ ነው። ከቤት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የቆመበትን መሬት ያገኛል፤ ባሕሩ ጋ ሲደርስም ማቆም እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። የጀልባው ቀንና ቦታ ልጃቸው ለጠፋባቸው ወላጆች እጅግ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ይቅር አልልም፤ በተራው ይምጣ ነው የምለው።

ከ64ቱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከአፓርታይድ ጋር ታግሎ ሮበን ደሴት ላይ 10 ዓመት የታሰረው የቋንቋ ምሁር ነው። ቢሾ በልጅነቷ የሰጠችው ቃል ላቭዴል ላይ ስለተጻፈ ዘሮቿ ከየት እንደመጡ ሊያነቡ ይችላሉ። የቃሉ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጠው የምለው ስለዚህ ነው፤ ዛሬ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ፋይል ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ላቭዴል ሌላም የሠራው ነገር አለ። በ1903 ያደጉትን ልጆች የት እንዳሉና ወደ አገራቸው መመለስ ይፈልጉ እንደሆነ ዳግም ጠይቋል፤ በ1909 ከእነሱ 17ቱ ተሳፍረው ተመልሰዋል። የእኛ ቅጽ ሁለተኛ ጊዜ የሚጠይቅበት ገጽ የለውም። ቢኖረው ቀኑን ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት አደርገው ነበር። ያን ሳምንት አዲስ አበባ ያለውም ሌላ ከተማ ያለውም ቤት ገብቶ ይገኛል፤ ቤተሰቡ ሞልቶ ስለሚቀመጥ የጎደለው ማን እንደሆነ፣ የተመለሰውም ከዓመት በኋላ በየትኛው ጥግ እንደተቀመጠ ይታያል።