የጣሪያ ላይ ፀሐይ ስንት ያወጣል?

ጤፍ በመኸርም በክረምትም ያው ጤፍ ነው፤ ዋጋው ግን ለየቅል ነው። ጎተራ ያለው ገበሬም በመኸር ለመሸጥ አይቸኩልም። በቤት ጣሪያ ላይ የሚመረተው የፀሐይ ኃይልና ከጎኑ የሚተከለው ባትሪ ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በካሊፎርኒያ በኤፕሪል ወር፣ ፀሐይዋ ደምቃ አየር ማቀዝቀዣ ገና ባልተከፈተበት ጊዜ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ኃይል ከመትረፍረፉ የተነሳ የጅምላ ዋጋው ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቀን አለ። በሴፕቴምበር ሙቀት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ደግሞ ያው አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደ ብርቅ ይፈለጋል። እንግዲህ ከጣሪያ የመጣውን ኃይል በስንት እንግዛው?

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነበር። ሚኔሶታ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶችም ተከትለዋት ባወጡት ሕግ መሠረት ቤተሰቡ ወደ መስመር የላከው ኃይል ከተጠቀመው ላይ ይቀነስለታል። ቆጣሪው ወደ ኋላ ይዞራል ማለት ነው። ክርክሩ የተነሳው የፀሐይ ፓኔሎች ሲበዙ ነው። በወርሃዊው የመብራት ሂሳብ ውስጥ የኃይሉ ዋጋ ብቻ የለም፤ የምሰሶው፣ የሽቦው፣ የትራንስፎርመሩና የጥገና ሠራተኛው ወጪ አብሮ አለ። የመብራት ኩባንያዎቹ «ፓኔል ያለው ሰው ይህን ሳይከፍል ሲቀር ዕዳው ፓኔል በሌለው ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል» አሉ። የፀሐይ ኃይል ደጋፊዎች በበኩላቸው «ፓኔሉ ያዳነላችሁን ወጪ ለምን አትቆጥሩትም?» ብለው መለሱ።

ሁለቱንም ለመዳኘት የተገኘው ዘዴ የዳነውን ወጪ መቁጠር ነው። ይህ ኪሎዋት ሰዓት ከጣሪያ ባይመጣ ኖሮ ኩባንያው ምን ያወጣ ነበር? መጀመሪያ ነዳጁ አለ፤ ጋዝ አይቃጠልም። ቀጥሎ ፍላጎት ሲያይል ለመድረስ ይሠራ የነበረው ጣቢያ አለ። ከሩቅ የሚመጣ ኃይል በመንገድ ላይ የሚባክነውም ይቆጠራል፤ በአሜሪካ ብክነቱ በአማካይ 5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ መስመሩ በተጨናነቀ ሰዓት ከዚያ ይብሳል። በመጨረሻም የማስተላለፊያና የማከፋፈያ መስመር ማስፋፊያ፣ ከዚያም የጭሱ ጉዳት ይመጣል። በቴክሳስ የኦስቲን ከተማ የመብራት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 እነዚህን ደምሮ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 12.8 የአሜሪካ ሳንቲም ቆረጠ። ደንበኛው ለተጠቀመው ሁሉ በተለመደው ታሪፍ ይከፍል ነበር፤ ላመረተው ሁሉ ደግሞ በዚህ ዋጋ ይታሰብለት ነበር። ሚኔሶታም እ.ኤ.አ. በ2014 የካርቦን ጉዳትን በገንዘብ ተምኖ የሚያስገባ የስሌት ዘዴ ለመላ ግዛቱ አጸደቀች።

አንድ ቋሚ ቁጥር ግን ሰዓትን አያውቅም። የካሊፎርኒያ የኃይል መስመር አስተዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳየው ሥዕል፣ ከሌሎች ጣቢያዎች የሚፈለገው ኃይል እኩለ ቀን ላይ ይዘቅጥና ፀሐይ ስትጠልቅ ሽቅብ ይመነጠቃል። ቅርጹ ዳክዬ ስለሚመስል የዳክዬ መስመር ይሉታል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አሥር ሺኛው ፓኔል የመጀመሪያውን ያህል አይጠቅምም፤ ሁሉም የሚያመርቱት በአንድ ሰዓት ነውና።

የባትሪው ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የቀኑን ኃይል ለማታ ያቆያል፤ በሰከንድ ሽርፍራፊ ምላሽ ሰጥቶ የመስመሩን ሚዛን ይጠብቃል፤ መብራት ሲጠፋም ቤቱን ይይዛል። ነጻ ግን አይደለም። ከገባው ኃይል ከ10 እስከ 15 በመቶው ሲሞላና ሲለቀቅ ይባክናል፤ ባትሪውም በአገልግሎት ብዛት ይደክማል። ጠንቃቃ ገምጋሚ የሚጠላው ስህተትም አለ፤ አንዱን ኃይል ሁለት ጊዜ መሸጥ። ለመብራት መጥፋት የተቀመጠ ኃይል ለምሽቱ ገበያ ሊወጣ አይችልም።

ቦታም እንደ ሰዓት ዋጋ ይለውጣል። በኒውዮርክ የብሩክሊንና የኩዊንስ አንዳንድ ሰፈሮች ፍላጎት ሲጨምር፣ ኮን ኤዲሰን የተባለው ኩባንያ አዲስ ማከፋፈያ ጣቢያ ለመገንባት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያስፈልገው ነበር። የግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላ መንገድ ፈቀደ፤ በ200 ሚሊዮን ዶላር በጀት የሱቆችንና የአፓርታማዎችን አምፖል በቆጣቢ መተካት፣ ባትሪና የፀሐይ ፓኔል መትከል። የሰፈሩ ፍላጎት የሚያይለው ምሽት ላይ በመሆኑ ፀሐይ ብቻዋን አትበቃም ነበር፤ ከባትሪውና ከቁጠባው ጋር ስትዳመር ግን ግንባታው ለዓመታት ተላለፈ። ያው ፓኔልና ያው ባትሪ መስመሩ ባልተጨናነቀበት ሰፈር ቢተከሉ ኖሮ ይህን ጥቅም አይሰጡም ነበር። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው የክፍያ ሥርዓትም ሰዓትንና ቦታን ለየብቻ ይቆጥራል።

ካሊፎርኒያ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ለአዳዲስ ደንበኞች ከጣሪያ የሚወጣውን ኃይል የምትገዛው በየሰዓቱና በየወሩ በሚለያይ ዋጋ ነው። የቀትሩ ኃይል ጥቂት ሳንቲም ሲያወጣ፣ በአንዳንድ የሴፕቴምበር ምሽቶች ዋጋው ከአንድ ዶላር ያልፋል። ፓኔል ብቻ መትከል አዋጭነቱ ስለቀነሰ ፓኔል የሚተክሉ ኩባንያዎች ክፉኛ ተጎዱ። በአንጻሩ ከአዳዲሶቹ ደንበኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባትሪ ጨምረው መትከል ያዙ።

ይህ ስሌት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መልኩን ይቀይራል። ኃይሉ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ የሚድነው ጋዝ የለም። ይልቁንም ፀሐይ በምታበራበት ሰዓት ግድቡ ውኃውን ለማታና ለበጋ ያቆያል፤ ግድቡ ራሱ ባትሪ ይሆናል። መስመር ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ ሒሳቡ የሚሠራው ከኩራዝ ጋዝ፣ ከናፍጣ ፓምፕና በብዙ ኪሎሜትር ከሚዘረጋ ሽቦ ጋር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ዕቅድ 35 በመቶውን ተጠቃሚ ከዋናው መስመር ውጭ ለመድረስ ያለመውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩና የሶላር ሻጭ በርዎን ያንኳኳብዎ ከሆነ፣ «በወር ይህን ያህል ይቆጥባሉ» በሚለው አንድ ቁጥር አይርኩ። ወደ መስመር የምልከው ኃይል በየትኛው ሰዓት ስንት ይከፈልበታል? ሕጉ ቢቀየር የእኔ ውል ስንት ዓመት ይጸናል? መብራት ሲጠፋስ ቤቴ ይበራል? ብለው ይጠይቁ። ባትሪ የሌለው የጣሪያ ፓኔል በአብዛኛው ለመስመር ሠራተኞች ደኅንነት ሲባል መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ሳያገኙ አይፈርሙ።