ለነገ የሚያስፈልገንን የኤሌክትሪክ ኃይል ዛሬ ስለ ማሰናዳት



በመሥሪያ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ማብሪያ ስትጫኑ ብርሃን ወዲያውኑ ይሆናል። ያን ብርሃን የሚሰጠው ኃይል ግን ከብዙ ዓመት በፊት ታቅዶና ተደክሞበት የተገኘ ነው። ይህንንም በድሬዳዋ ከተማ ምሳሌነት ለመግለጽ እንሞክራለን።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩና በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣናም ኃይል ይፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ ግን የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳብ ነው፤ ለሐረር የሚላከው የድሬ ጃራ ውኃም ወደ ደጋው ሽቅብ የሚወጣው በዚሁ ኃይል ነው። እንግዲህ በዚያ አገር መብራት ጠፋ ማለት ጨለማ ሆነ ማለት ብቻ ሳይሆን ቧንቧም ደረቀ ማለት ነው።

ዕቅድ አውጪዎች ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ምን ያህል ኃይል ያስፈልጋል? በየትኛው ሰዓት? ከየትስ ይገኛል? መጠኑ ብቻ ቢታወቅ አይበቃም፤ ምክንያቱም ቀን ፋብሪካው፥ ማታ ደግሞ ምጣዱና መብራቱ በአንድነት የሚሹትን ያህል በዚያው ሰዓት ማመንጨት ግድ ነው።

ከባዱ ነገር የጊዜው ጉዳይ ነው። አንድ ፋብሪካ በሁለት ዓመት ሊቆም ይችላል፤ ግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግን በ1998 ዓ.ም. ተጀምሮ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ኃይል 43 ሜጋዋት ሲሆን የሕዳሴው 5,150 ሜጋዋት ነው።

ነገር ግን ውኃ ብቻውን መታመኛ አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. በጊቤ ሦስተኛ ግድብ ውኃው በማነሱ በመላው አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆኖ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ልዩ ልዩ ምንጮችን ማስተባበር ብልኅነት ነው። በአዳማ ነፋሱ የሚበረታው ዝናብ በሌለበት በበጋ ነው፤ ነፋሱ በሚያመነጭበት ሰዓት የግድቡ ውኃ እንደ ጎተራ እህል ለክፉ ቀን ይቆያል። በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ባለው በአይሻ ሜዳም የነፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል። የቆላው ፀሐይም ቀን ቀን የሚሠራውን ፓምፕ ሊያግዝ ይችላል። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ግን ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ ለችግር ጊዜ እንጂ ለዘወትር አይመከርም።

በዚህ ሥራ የእናንተም ድርሻ አለበት። ለአዲስ ሠፈር ቦታ የምትመሩ፥ ለፋብሪካ ፈቃድ የምትጽፉ ሹማምንትና ጸሐፊዎች፥ የሚያስፈልገውን ኃይል ልክ መሠረቱ ከመጣሉ አስቀድሞ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ብታስታውቁ፥ ትራንስፎርመሩ ከሸክሙ በላይ ተጭኖ ከተቃጠለ በኋላ ከመሯሯጥ ይሻላል። ከቢሮ ስትወጡም የአየር ማራገቢያውንና መብራቱን ማጥፋት ትንሽ መስሎ አይታያችሁ፤ ያልባከነ ኃይል ያለ አዲስ ግድብ የተገኘ ኃይል ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ይህን ለመሰለው ነገር ነው።