በባንጋሎ ጣራ ሥር ክፍል ስለ ማውጣትና ስለ ዶርመር ወጪ

በእንግሊዝ አገር «ባንጋሎ» የሚባለው ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት ነው። ስሙ የመጣው ከህንድ ሲሆን የቤንጋል ቤት ማለት ነው፤ በእንግሊዝ ምድር የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት በ1870 ገደማ በኬንት አውራጃ የባሕር ዳር ከተሞች በዌስትጌትና በበርቺንግተን ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ደግሞ በብዛት ተሠርተዋል። ልጆች ሲበዙ ወይም ያረጁ ወላጆች አብረው ለመኖር ሲመጡ፣ ሌላ ቤት መግዛት ከባድ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ከኮርኒሱ በላይ ባዶውን የተቀመጠውን ቦታ ያስባል። እኛ ቆጥ ብንለው ከነገሩ ብዙ አንርቅም።

ዶርመር ማለት ከተዳፋቱ ጣራ ወደ ውጭ ወጥቶ የሚሠራ፣ የራሱ የፊት ግድግዳ፣ ሁለት ጐኖችና የራሱ ጣራ ያለው መስኮት ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛው «መተኛት» የወጣ ነው፤ የመኝታ ክፍል መስኮት ነበርና። ብዙ ሰው ዋጋውን ሲጠይቅ «አንድ ዶርመር ስንት ያወጣል?» ይላል። ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልሱ ያሳስታል፤ ምክንያቱም የሚገዛው መስኮት ሳይሆን ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ወለል ነው። ስለዚህ ወጪው መመዘን ያለበት በዚሁ ወለል ልክ ነው።

ነገሩን በአኃዝ ለማየት ወርዱ 8 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ የጣራው ተዳፋት 40 ዲግሪ የሆነ ባንጋሎ እንውሰድ። የጣራው ቁመት በመካከል 3.36 ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለአዲሱ ወለልና ለሙቀት መከላከያው በጠቅላላ 35 ሳንቲ ሜትር ቢቀነስ 3.01 ሜትር ይቀራል። ሰው ሳያጐነብስ እንዲሄድ 2 ሜትር ያስፈልጋል ብንል፣ ይህ ቁመት የሚገኘው በመካከል 2.4 ሜትር በሚሆን ወርድ ላይ ብቻ ነው። ከ80 ሜትር ካሬ ውስጥ የሚቆሙበት 24 ሜትር ካሬ ያህል ነው ማለት ነው፤ የቀረው ለሣጥንና ለአሮጌ ዕቃ ነው። አሁን በኋለኛው ተዳፋት በሙሉ ርዝመቱ፣ ከጣራው አናት 3 ሜትር ወደ ውጭ የሚደርስ ጠፍጣፋ ጣራ ያለው ዶርመር ይሠራ። የፊቱ ግድግዳ ውፍረት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚቆሙበት ወርድ በ1.55 ሜትር ይጨምራል፤ ይኸውም 15.5 ሜትር ካሬ ነው። ጠቅላላው ወደ 40 ሜትር ካሬ ይጠጋል።

ይህ ጭማሪ ርካሽ ነው ወይስ ውድ? ለመፍረድ አስቀድሞ ዶርመር ቢኖርም ባይኖርም የሚከፈለውን መለየት ያስፈልጋል። የባንጋሎ ኮርኒስ የተሠራው ሰው እንዲሄድበት አይደለም፤ ስስ የሆኑት አግዳሚዎቹ የሚሸከሙት ኮርኒሱን ብቻ ስለ ሆነ፣ በአጠገባቸው ወፍራም አግዳሚ ይገባል። ከ1960ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ቤቶች ነገሩ ይብሳል። ጣራቸው የቆመው ከፋብሪካ ተገጣጥሞ በመጣ ስስ ካፕሪያታ ነው፤ እንጨቶቹም ባዶውን ቦታ እየሰነጠቁ ያልፋሉ፣ አንዱ ያለ ምትክ ቢቆረጥ ጣራው ይዳከማል። ስለዚህ አስቀድሞ የብረት ተሸካሚ ይገባል። ከጦርነቱ በፊት አናጢ በቦታው እየቈረጠ የሠራው ጣራ ግን መካከሉ ክፍት ስለ ሆነ ሥራው ይቀላል። ደረጃው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ማሞቂያው፣ የመሐንዲሱ ሒሳብ፣ አስፈላጊ ከሆነም መሠረቱን ቈፍሮ መመርመር፣ እነዚህ ሁሉ ለ24 ሜትር ካሬም ለ40ም ያው ናቸው ለማለት ይቻላል። ለግንበኛና ለአናጢ የሚቆመው መወጣጫም አንድ ጊዜ ከቆመ ቆመ ነው። እንግዲህ ዶርመሩ ብቻውን ሲታይ ውድ ቢመስልም፣ የቀድሞው ወጪ ለብዙ ወለል እንዲከፋፈል ስለሚያደርግ የእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ዋጋ ሊወርድ ይችላል።

ይሁን እንጂ ዶርመር ሁሉ እኩል አይደለም። የዶርመር ዋጋ ያለው በጐኑ ነው። እያንዳንዱ ጐን ከአሮጌው ጣራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወራጆቹ ተቈርጠው በድርብ እንጨት መታሰር፣ ዝናብ እንዳይገባም መጋጠሚያው በእርሳስ ቆርቆሮ መሸፈን አለበት፤ ውሃ የሚያፈሰውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ መጋጠሚያ ነው። ወርዱ 6 ሜትር የሆነ አንድ ዶርመር ሁለት ጐን አለው። እያንዳንዳቸው 2 ሜትር የሆኑ ሦስት ዶርመሮች ግን ስድስት ጐን አላቸው፤ ሾጣጣ ጣራም ከተጨመረላቸው ሥራው እጅግ ይበዛል። ትንንሾቹ ለዓይን ያምራሉ፤ የመንደሩን መልክ የሚወዱ ሰዎች ሣጥን የመሰለውን ትልቁን ዶርመር ይጠሉታል፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ለውበት የተከፈለው ለወለል እንደ ተከፈለ ተደርጎ መቈጠር የለበትም።

ሕጉም በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝ በ2015 በወጣው የአጠቃላይ ፈቃድ ድንጋጌ መሠረት፣ ብቻውን የቆመ ወይም በአንድ ጐን ብቻ ከሌላ ጋር የተያያዘ ቤት በጣራው ላይ እስከ 50 ሜትር ኩብ ያለ ልዩ የፕላን ፈቃድ ሊጨምር ይችላል። ግን ከጣራው አናት መብለጥ፣ በመንገዱ ፊት ለፊት ካለው ዋና ተዳፋት ወደ ውጭ መውጣት አይፈቀድም፤ በቅርስነት በተከለሉ ሠፈሮችም መብቱ አይሠራም። የእኛ ምሳሌ 37.8 ሜትር ኩብ ስለ ሆነ ያልፋል። ዶርመሩን ግማሽ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ብናስረዝመው ግን 51.4 ይሆንና ማመልከቻና መጠበቅ ይመጣል። ከዚህ የተለየው የግንባታ ደንብ ግን በማንኛውም መጠን ይጸናል፤ በጠቅላላው ሒሳብ ላይም 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ 50,000 ፓውንድ በሚያወጣ ሥራ ላይ 10,000 ፓውንድ ማለት ነው።

ብዙ ቤተ ሰብ የሚሳሳተው በደረጃው ነው። በደንቡ የመኖሪያ ቤት ደረጃ ከ42 ዲግሪ በላይ መቆም አይችልም። ከወለል እስከ ወለል 2.6 ሜትር ቢሆን፣ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 13 እርከኖች ያስፈልጋሉ፤ መርገጫቸው 22.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደረጃው 2.7 ሜትር ርዝመት ይወስዳል። ከመነሻውና ከመድረሻው ጋር ሲታሰብ ከታች አንድ ትንሽ መኝታ ቤት ሊበላ ነው። ያረጁ ወላጆች ያለ ደረጃ እንዲኖሩበት ተብሎ የተመረጠ ቤት ይህን ክፍል ካጣ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል። እዚህ ላይ ዶርመሩ ሌላ ጥቅም ያሳያል። ደረጃው ሲደርስ ከራስ በላይ ቁመት ስለሚፈለግ፣ ዶርመር ከሌለ መድረሻው ከጣራው አናት ሥር ብቻ መሆን አለበት። ዶርመር ካለ ግን ደረጃው በኋለኛው ግድግዳ አጠገብ ሊወጣ ስለሚችል የታችኛው ክፍል ይድናል። መስኮቱም በእሳት ጊዜ መውጫ ይሆናል፤ የሚከፈተው ክፍል ቢያንስ 0.33 ሜትር ካሬ፣ ታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ1.1 ሜትር ያልበለጠ ሲሆን ነው።

የጣራው ተዳፋት 30 ዲግሪ በሆነ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ ይፈርሳል። በዚያው 8 ሜትር ወርድ የመካከሉ ቁመት 2.31 ሜትር ነው፤ 35ቱ ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 1.96 ይቀራል። ዶርመር ከአናቱ በታች እንጂ በላይ ስለማይሠራ፣ ምንም ያህል ቢሰፋ ሁለት ሜትር ሊሰጥ አይችልም። ለባለቤቱ የሚቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ፈቃድ ጠይቆ ጣራውን አንሥቶ እንደገና መሥራት፣ ወይም የታችኛውን ክፍሎች ኮርኒስ ዝቅ ማድረግ። ሁለተኛው ከአሮጌዎቹ ባንጋሎዎች ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ በሆነው ላይ ይቻላል፤ ነገር ግን ሥራው እስኪያልቅ ቤተ ሰቡ ቤቱን ለቅቆ ሌላ ቦታ ስለሚከርም፣ የዚያም ኪራይ በወጪው ላይ ይደመራል።