«ቀለም ብቻ የምትፈልግ» ኮምቢ ስንት ታስወጣለች?

ቴሌግራም ላይ የመኪና መሸጫ ቻናሎችን የምትከታተሉ ከሆነ ይህችን ሐረግ ሳታውቋት አትቀሩም፦ «ቀለም ብቻ የምትፈልግ»። አልፎ አልፎ ከአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ ፎቶ ሥር ተለጥፋ ትገኛለች። ፎቶው ሁልጊዜ ከደህናው ጎን ነው የሚነሳው። ጎማው ተንፍሷል፣ ከሥሯ ሣር በቅሏል፤ ኮሜንቱ ላይ ግን ግማሹ ሰው ላንጋኖ ደርሷል። አንዱ አልጋ ዘርግቷል፣ ሌላዋ መጋረጃ መርጣለች፣ ሦስተኛው ጊታሩን ይዞ ጣሪያዋ ላይ ወጥቷል።

አልፈርድባቸውም፤ እኔም ላይክ አድርጌያለሁ። ብቻ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አንድ የማይለቅ አመል አለው። ቆንጆ ነገር ባየ ቁጥር «ስንት ያስወጣል?» ይላል። ኮምቢ ላይ ደግሞ መልሱ ሻጩ ከጻፈው ዋጋ ጋር ብዙም አይገናኝም።

ነገሩን በቅርብ የማየው በአጎቴ ግቢ ነው። ኮልፌ አካባቢ፣ ከበሩ ገባ ሲሉ በስተግራ፣ ሸራ ለብሳ 11 ዓመት የቆመች ነጭና ሰማያዊ ኮምቢ አለች። አጎቴ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላለሱባት ናት። አሁን ሁለቱ ልጆቻቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ጠግነው፣ አልጋና ምድጃ ገጥመውላት፣ ተኝተው የሚያድሩባት ካምፐር ሊያደርጓት ተነስተዋል። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ግን ቆራሌው ይውሰዳት ባይ ናቸው። ጨክነው አይደለም። እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ይወጣል፤ ይከራያል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» እየተባለ ስንት ክፍለ ጊዜ የፈጀብንን ትምህርት እትዬ ቡና እየቀዱ ጨረሱት፦ «ይቺ መኪና ቆማ በየወሩ የሁለት ቤት ኪራይ ትበላለች።»

እኔ መሐል ነኝ። ደብተር ያዥ አድርገውኛል።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። የኮምቢ ሐሳብ የመጣው ቤን ፖን ከተባለ ሆላንዳዊ መኪና አስመጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ማስታወሻው ላይ ከኋላ ሞተር ያላት ሣጥን መሰል መኪና ሣለ፤ በ1950 ፋብሪካው ማምረት ጀመረ። በዓመቱ ደግሞ ዌስትፋሊያ የተባለ የጀርመን ድርጅት ውስጧን በአልጋና በቁም ሣጥን እያደራጀ መሸጥ ያዘ። ብራዚል ውስጥ እስከ ታኅሣሥ 2013 ድረስ ተመርታለች። እዚያም ያቆማት የገበያ እጦት አልነበረም፤ ኤርባግና የማያንሸራትት ፍሬን የግድ ነው የሚል ሕግ መጣና ነው። ይህን የምነግራችሁ ኮሜንት ላይ እንድትራቀቁበት ብቻ አይደለም። ለ63 ዓመት ስትመረት የኖረች መኪና ዕቃዋ ዓለም ላይ ዛሬም ይሠራል። ሞተሯም ከቮልስ ጋር ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ሲፈቱ ያረጁ መካኒኮች ዐይናቸውን ጨፍነው ያውቋታል። ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብለን ለሞተሯ የሚሆን ብዙ ነገር አግኝተናል። ለገላዋ የሚሆን ላሜራ ግን አላገኘንም። ጉዱ ያለውም እዚያ ጋ ነው።

ቮልስ ገላዋ ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው፤ ፈትቶ ማንሳት ይቻላል። ኮምቢ ግን ለብቻው የሚፈታ ሻንሲ የላትም። ከሥር ያሉት ተሸካሚ ብረቶች ከወለሏና ከጎኗ ጋር አንድ ላይ የተበየዱ ናቸው። ስለዚህ የኮምቢ ዝገት የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ አጥንቷ ነው የሚበላው። «ቀለም ብቻ የምትፈልግ» የምትለዋ ሐረግ ውድ የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ምንም የለም።

ስልካችሁን መኪና ውስጥ የምታንጠለጥሉበት ማግኔት አለ አይደል? እሱን በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ገላዋ ላይ ዙሩበት። ብረት ካለ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። ከበሮቹ ሥር ያለውን ረጅም ደረት፣ የጎማዎቹን ቅስት፣ የፊት መስታወቱን ጎማ ዙሪያ፣ ከኋላ ደግሞ ባትሪው የተቀመጠበትን ቦታ አትለፉ። ባትሪ አሲድ ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ያለው ላሜራ እንደ ብስኩት ይሆናል። ከዚያ ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ ቆርቁሩ። ደህና ብረት ይጮኻል፤ የዛገ ብረት ዝም ይላል። የእኛዋ በሹፌሩ በኩል ዝም ብላለች።

ብየዳውን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የግቢ በር የሚበይድ ሁሉ መኪና አይበይድም። የኮምቢ ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በተለመደው ባለ ኤሌክትሮድ መበየጃ ሲሞክሩት ከመያያዝ ይልቅ ይቀዳል። ለስስ ላሜራ በጋዝ የታገዘ፣ ሽቦው በራሱ እየወጣ የሚበይደው ማሽን ይሻላል፤ ያውም በአንዴ ሳይሆን እያረፉ፣ ነጥብ በነጥብ። ወደ ኋላዋ ከሄዳችሁ የቤንዚን ታንኩ መውረድ አለበት፤ ታንኩ ከሞተሩ ጎረቤት ነውና።

አሁን የአጎቴ ልጆች በጣም የሚወዱት ክፍል፣ ሞተሩ። በእኛ ሀገር የመኪና ወሬ «ሞተር ይውረድ» ሲባል አብሮ የሚወርድ ልብ አለ፤ የወራት ደሞዝ ማለት ነው። ኮምቢ ላይ ግን ቃሉ ይቀልላል። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። ከኋላ ያለውን መደገፊያ፣ የቤንዚን ቱቦውን፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድና ጥቂት ሽቦዎች ፈትታችሁ፣ በክሪክ ደግፋችሁ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እኛ ግቢ ሲወርድ ከሥሩ አሮጌ ጎማ አንጥፈን ተቀበልነው። (በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር ማንም አይገባም። ከ1 ሺህ ኪሎ በላይ ነች። የብረት መቆሚያ ግዙ፤ ከሁሉም ዕቃ በፊት።)

ውሃ የላትም፣ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ይህ እንደ ቅለት ይወራል፣ ነውም። ግን አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ እንዲሄድ የሚመሩት ስስ ላሜራዎችና ሞተሩን ከሥር ካለው ሙቀት የሚለየው ዙሪያ ጎማ መኖር አለባቸው። ብዙ ቦታ ሞተር ሲፈታ እነዚህ «ትርፍ» ተብለው ይጣላሉ። የእኛዋም ሁለቱ ላሜራ የሉም፤ ምናልባት አንድ ቦታ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆነው ይሆናል። ቫልቩም በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መለካት አለበት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፤ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት መካኒክ ይህን የሚሠሩት ጠዋት ከቁርስ በፊት ነው፤ ሞተሩ በተነሳበት ቀን አይነኩትም።

ከዚያ ደግሞ ከፍታው አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ባለ 1600 ሞተሯ ኮምቢ ወረቀት ላይ 50 የፈረስ ጉልበት አካባቢ አላት። እዚህ ከ40 በታች ነው በሉት። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የውሃ ጀሪካንና አራት ሰው ጭናችሁ እንጦጦን ስታስቡ ይህን አትርሱ። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትለካውን የናስ ብሎን በጠባብ ቀዳዳ መቀየር ይረዳል። ግን ላንጋኖ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ስትወርዱ ያው ጠባብ ቀዳዳ ቤንዚን ሊያሳንስና ሞተሩን ሊያግል ይችላል። ስለዚህ ለጉዞ ስትዘጋጁ ለቤታችሁ ብቻ ሳይሆን ለምትሄዱበትም አስተካክሉ።

እስካሁን ያልኩት ገንዘብ ያስወጣል፤ ቀጥሎ ያለው ግን ነፍስ የሚነካ ስለሆነ ኮስተር ልበል።

አሮጌ ኮምቢ በእሳት ትታወቃለች። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም፤ የቤንዚን ጎማው ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሞተሩ በጋለበት ቦታ ያንጠባጥባል። የሞተሩ ዋና ገላ ደግሞ ማግኒዥየም ያለበት ቅልቅል ብረት ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ መድፋት ያብሰዋል። ለዓመታት የቆመች ኮምቢ ከመነሳቷ በፊት ጎማዎቹ በሙሉ መቀየር አለባቸው፤ «ይሄኛው ደህና ይመስላል» አይሠራም። ከሌላው ወጪ ጋር ሲተያይ ይህ የሳንቲም ጉዳይ ነው። የዱቄት እሳት ማጥፊያም ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ይኑር፤ ከኋላ ከሞተሩ ጋር ከተቀመጠ ማን ደርሶ ያነሳዋል?

ፍሬኑም እንዲሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ቱቦውን ከውስጥ ያዝገዋል። ጎማዎቹ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ አብጠው ይደፈናሉ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ማሞቂያዋ ነው። ኮምቢ ተሳፋሪውን የምታሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለፈ አየር ወደ ውስጥ በማስገባት ነው። እዚያ ያለው ብረት ከዛገ ከሙቀቱ ጋር የሚገባው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ካምፐር ማለት ደግሞ ሰው የሚተኛባት መኪና ነች። ልጆቹ ውስጧ ቡና ሊያፈሉ አስበው ከሰል ምድጃ ሣጥን በንድፋቸው ላይ ስለው ነበር፤ አጎቴ በእስክሪብቶ ሰረዙት። ከሰል በተዘጋ ክፍል ምን እንደሚያደርግ እዚህ ሀገር ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ቡናው ውጭ ይፈላል፤ ለመኝታም መስኮት ይገረበባል።

ወደ ደብተሬ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አንድ ክርክር በየካፌው ይሰማል፦ አዲስ አይገባም፣ ያለው ይወደዳል፣ ስለዚህ አሮጌ መኪና ሀብት ነው። ግማሹ እውነት ነው። የሚወደደው ግን በየቀኑ የምትሠራ፣ ዕቃዋ በየሱቁ የሚገኝ መኪና ነው። በሊትር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፣ ላሜራዋ ከውጭ የሚመጣ ኮምቢ ሌላ ታሪክ ነች። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ወደ ኤሌክትሪክ እንቀይራት የሚልም አለ። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአንድ አጋር ድርጅት ጋር የ1966 ኮምቢ በባትሪ አስነድቶ አሳይቷል፤ የዚያ ዋጋ ከ64,900 ዩሮ ይጀምር ነበር። በዚያ ገንዘብ ስንት ሰርቪስ ክፍል ይሠራል እንዳትሉኝ፤ እትዬ አስልተውታል።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ትርፍ አገኛለሁ ብላችሁ ኮምቢ አትግዙ። ደስታ እየገዛችሁ እንደሆነ አውቃችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደስታም ዋጋ አለው፣ ብቻ ደብተር ላይ ይጻፍ። አደገኛው «ይህን ያህል አውጥተን እንዴት እንተዋት?» የሚለው ንግግር ነው። እንበል 200 ሺህ ብር ወጥቷል። እሱ ሄዷል፤ ብትቀጥሉም ብትተዉም አይመለስም። መጠየቅ ያለበት ቀጥሎ የሚወጣው 50 ሺህ ምን ያመጣል የሚለው ነው። ፍሬን ያመጣል? ወለል ያመጣል? ወይስ ከሚፈርስ ወለል በላይ የሚያምር ቀለም? ለዚህ ነው ደብተሬ ላይ ቀለም የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው። ከሁሉ በፊት ያለው ደግሞ ሊብሬ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ካልተመሳሰለ ያ ሁሉ ድካም ቦሎ የማያገኝ ጌጥ ላይ ነው።

ደብተሬ የማይመዘግበው አንድ ገቢ አለ። ታናሽየው ስስ ላሜራ መበየድ ለምዷል። ሰፈር ውስጥ የታክሲ ባለቤቶች እየጠሩት ነው፣ እየከፈሉትም። ዩቲዩብ ላይ የጀመረው ነገር ነው፤ ጋሼ ግን ማሽኑ እጁ ላይ እንዴት መያዝ እንዳለበት ቆመው አሳዩት። ይህን «ገቢ» ብዬ ልጻፈው ወይስ ላንጋኖ ለመሄድ እንደ ሰበብ ይቆጠርብኝ፣ ገና አልወሰንኩም።

እትዬና ልጆቹ በቃል ተስማምተዋል፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ወለሉ ካለቀና ፍሬኗ ከያዘ ኮምቢዋ ትቆያለች፤ ካልሆነ ሞተሩ ለቮልስ ይሸጣል፣ ገላዋን ቆራሌው ይወስዳል፣ መሠረቱ ይቆፈራል። ባለፈው ቅዳሜ የሹፌሩ በኩል ተበይዶ አልቋል። የፍሬን ጎማዎቹ ተገዝተዋል፣ ገና አልተገጠሙም። የተሳፋሪው በኩል ምንጣፍ ግን እስካሁን አልተገለጠም፤ ለነገ ቀጠሮ ይዘናል።